ከኅዳር ሲታጠን የተረፈ የገና ጌጥ

ኅዳር 12 ጠዋት በየሰፈሩ ጭሱ ከመነሳቱ በፊት የገና ጌጥ ግማሽ ሥራ ማለቅ አለበት። ግማሽ ሥራ የምለው መለየቱን ነው። ያን ዕለት እሳት የሚለኮስበት ክምር ውስጥ ካርቶኑም፣ የቃጫ ጆንያውም፣ ጣሳውም፣ የዱቄት ወተት ከረጢቱም አለ። ከዚያ ቀን እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ 47 ቀን ይቀራል። (በዘመነ ዮሐንስ ገና 28 ላይ ስለሚውል አንድ ቀን ቀንሱ።) ብዙ ይመስላል እንጂ አይበዛም፤ አንድ ቤት በሳምንት የሚጥለው የሶፍት ማጠንጠኛ ካርቶን ቢበዛ ሁለትና ሦስት ነው፣ አንድ ግድግዳ ደግሞ ሃያ ይፈልጋል። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው የጀመረ ሰው መጨረሻው ሱቅ ሄዶ ብልጭልጭ መግዛት ነው።

ጾሙም የራሱ ጣጣ አለው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ በሚጾም ቤት እንቁላል አይሰበርም፤ ስለዚህ በእንቁላል ቅርፊት መሥራት የፈለገ ከዚያ በፊት ቅርፊቱን ማጠራቀም ይኖርበታል። በጾሙ ሳምንታት የሚበዛው የድልህ ጣሳ ነው፤ እሱም ወደ ኋላ ሥራ አለው።

ውጭ አገር ላላችሁ ነገሩ ይቀላል። ፈረንጆቹ ታኅሣሥ 16 በዓላቸውን አክብረው ሲጨርሱ ሱቆቹ የተረፋቸውን ጌጥ በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ያወጡታል፤ የተቆረጠው የጥድ ዛፍም በየደጁ ይጣላል። የእኛ ገና እስኪደርስ ገና 13 ቀን አለ። ዛፉን እንዳለ ከመውሰድ ደህና ደህናውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ውኃ ውስጥ ማቆም ይሻላል፤ ተቆርጦ ሳምንታት የቆየ ዛፍ መርፌውን ምንጣፍ ላይ ያራግፋል፣ ለእሳትም ቅርብ ነው።

ወደ መቁረጡ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ቤት ውስጥ የተሠራ ጌጥ የልጆች ጨዋታ መስሎ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓይነት ነገር በአንድ ላይ ስለሚሰቀል ነው። አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ኩባያ፣ አንዱ ሲዲ፣ አንዱ አበባ፣ በዚያ ላይ ስድስት ዓይነት ቀለም። አንድ ቅርጽ ምረጡና ሃያ አድርጋችሁ ሥሩት። ሁለት ቀለም ይበቃል፤ ነጭና የካርቶኑ የራሱ ቡናማ፣ ወይም ቀይና ቃጫ። ከቆሻሻ መሠራቱ የሚረሳው ሲመሳሰልና ሲበዛ ነው።

ሙጫ

ከሚወድቁት ጌጦች አብዛኞቹን የሚጥላቸው ያለቦታው የገባ ሙጫ ነው። ወረቀት በወረቀት ላይ የዱቄት ሙጫ ይበቃዋል። ካርቶን፣ እንጨት፣ ጨርቅና ጆንያ ኮላ ይፈልጋሉ፤ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ። ፕላስቲክና ጣሳ ሁለቱንም አይቀበሉም፤ ኮላው ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተልጦ ይነሳል። ለእነሱ በሽጉጥ የሚቀልጠው የሲሊኮን ሙጫ ወይም ማስቲሽ ነው፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን በምስማር በስቶ በሽቦ ማሰር ነው።

የዱቄት ሙጫው እንዲህ ነው። አንድ የሻይ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ እብጠት እስከማይቀረው ድረስ ይበጠበጣል። ሦስት ብርጭቆ ውኃ ይፈላል፤ ብጥብጡ በቀጭኑ እየተንቆረቆረ ይገባና በዝቅተኛ እሳት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይማሰላል። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን አሳላፊ ሲመስል በስሏል። ሲቀዘቅዝ እንደ ቀጭን አጥሚት መሆን አለበት። ወፍራም ከሆነ ሲደርቅ ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል፣ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን አረስርሶ ይበጣጥሰዋል። ደረቁን ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ የነሰነሰ ሰው ጉብጉብ ያለ ነገር ያገኛል፤ ያንን በኋላ ማማሰል አያድነውም፣ በወንፊት ማጥለል ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጠብ ማድረግ ሻጋታን ያዘገያል። ያም ሆኖ ከሦስት ቀን በላይ አታቆዩት፤ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል።

ማስቲሽን በተመለከተ ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቀብቶ ወዲያው መለጠፍ። ማስቲሽ ሁለቱም ወገን ይቀባል፣ ከዚያ ወደ አሥር ደቂቃ ይተዋል፣ ጣት ሲነካው መያዙን ሲያቆም ብቻ ይገጠማል። አንዴ ከነካ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ቦታውን አስቀድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። መስኮት ይከፈት፣ ሕፃናት ይራቁ፣ ከዕቃ ማሸጊያ ላይ ያገኛችሁት ነጭ ፎም ካለም ማስቲሽ ያቀልጠዋልና ፎሙን በኮላ ለጥፉት። የሲሊኮን ሙጫ በበኩሉ ቀዝቃዛ ጣሳ ላይ ሲያርፍ ቶሎ ስለሚረጋ ሳይዝ ይቀራል። ጣሳውን ሩብ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆዩትና ሞክሩት፤ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

የሶፍት ካርቶን ኮከብ

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። አንድ ማጠንጠኛ ካርቶን ርዝመቱ ወደ 10 ሴንቲሜትር ነው። በእጅ ተጭናችሁ ካጠፈጠፋችሁት በኋላ በየ1.5 ሴንቲሜትሩ በማስመሪያ አስምሩና ቁረጡት፤ ስድስት የዓይን ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች ይወጣሉ፣ ጫፍ ላይ የምትቀረዋን ትርፍ ጣሏት። ስድስቱ አንድ ኮከብ ናቸው። ስለዚህ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሃያ ካርቶን፣ ሃያ ኮከብ፣ እያንዳንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሴንቲሜትር ገደማ።

ስትለጥፉ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ከጫፋቸው 2 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ኮላ ቀብታችሁ፣ በልብስ መቆንጠጫ ለአሥር ደቂቃ ያዟቸው። ሦስቱን ጥንድ በመጨረሻ አገናኟቸው። ስድስቱንም በአንዴ ለመግጠም የሚሞክር ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ይነሳበታል። መቀሱ የደነዘዘ ከሆነ ካርቶኑን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ሹል የምላጭ መቁረጫና ከሥሩ ወፍራም ካርቶን አንጥፎ መሥራት ይሻላል። ወርዱ አንዱ 1 ሌላው 2 ሴንቲሜትር ከሆነ ኮከቡ ጠረጴዛ ላይ እኩል አይተኛም፣ ሲሰቀልም ይጣመማል።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሶፍት ካርቶን ስስ ንብርብር ወረቀት ተጠምጥሞ በሙጫ የተያያዘ ነው፤ ውኃ የበዛበት ቀለም ሲነካው ንብርብሩ ይላቀቃል። መላውን መቀባት ከፈለጋችሁ ስፕሬይ ቀለም፣ ውጭ ሆኖ፣ ከ25 ሴንቲሜትር ርቀት፣ ሁለት ስስ ዙር። እኔ ግን ጠርዙን ብቻ ነጭ ማድረግ ይበልጥብኛል፤ ወፈር ያለ ነጭ ቀለም ሳህን ላይ ስስ አድርጎ ማንጠፍና ኮከቡን እንደ ማህተም አንዴ ማሳረፍ። ለሃያው ኮከብ አንድ የቡና ስኒ ቀለም አይሞላም።

የወረቀት ኳስ

ጋዜጣ፣ የዱቄት ሙጫና ትንንሽ ፊኛ። ፊኛው ብርቱካን እስኪያክል ብቻ ይነፋ። ጋዜጣውን በመቀስ ሳይሆን በእጅ ቅደዱት፤ 2 በ8 ሴንቲሜትር ገደማ። በእጅ የተቀደደ ጠርዝ ስስ ሆኖ ስለሚያልቅ ሲደርቅ አይታይም፣ በመቀስ የተቆረጠው ግን መስመሩ ከቀለም በኋላም ያስታውቃል። ሦስት ዙር ይለበጣል፤ አንዱ ዙር ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ሦስቱንም በአንድ ቀን የደረበ ሰው ከላይ ደርቆ ከውስጥ የረጠበ ኳስ ይዞ በሳምንቱ የሻጋታ ሽታ ይገጥመዋል።

ደጋ ላይ የታኅሣሥ አየር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፣ ደረቅ ነው፤ አንድ ዙር በአንድ ቀን ይደርቃል። ችግሩ የቀኑ ፀሐይና የሌሊቱ ብርድ መራራቃቸው ነው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ፊኛ ውስጡ ያለው አየር እየሞቀ ስለሚነፋ እርጥቡን ወረቀት ይሰነጥቀዋል፤ ሌሊት በረንዳ ላይ ያደረ ደግሞ ይኮማተርና ወረቀቱ ይጨማደዳል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አንጠልጥሉት፤ ሲመሽ ወደ ቤት አስገቡት። ሲያልቅ ፊኛውን በመርፌ ወግታችሁ በቀስታ አውጡ፤ ፍንዳታው ያልጠነከረውን ወገን ሊያጎደጉደው ስለሚችል ትንሽ ቀዳዳ ከቋጠሮው አጠገብ ይብቃ። የመጨረሻው ዙር ጽሑፍ በሌለው ነጭ ወረቀት ከሆነ ቀለም ትቆጥባላችሁ፤ የጋዜጣ ቀለም በአንድ ዙር ነጭ አይሸፈንም።

ጆንያና ጥበብ

የቡና ጆንያ ከዚህ ሁሉ የምመርጠው ነው። ቀለሙ የበዓል ቤት ቀለም ነው፣ ከቄጤማና ከጥድ ጋር አይጣላም። ነገር ግን አትጠቡት። ቃጫ ሲታጠብ ይኮማተራል፣ ቡናማ ውኃ ይለቃል፣ ሽመናውም ይዛባል። ውጭ አራግፎ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ መስቀል ይበቃዋል። ስታራግፉ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ያስነጥሳል።

ጆንያ ዝም ብሎ ሲቆረጥ እስከ መሐሉ ይተረተራል። መላው አንድ ነው፤ ኮላና ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ በሚቆረጠው መስመር ላይ የጣት ወርድ ያህል በብሩሽ መቀባት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በመስመሩ መሐል መቁረጥ። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ፣ አለዚያ ከጠረጴዛው ጋር ይጣበቃል። በዚህ መንገድ የተቆረጠ መስቀል፣ ኮከብ ወይም ደወል ሳይሰፋም ዓመታት ይቆያል። ከጆንያው ጠርዝ እየመዘዛችሁ የምታወጡትን ክር አትጣሉት፤ ለመስቀያ ከሱቅ ሲባጎ ይልቅ እሱ ያምራል።

ጥበብ ደግሞ ሌላ ጸባይ አለው። ሽሮ ሜዳም ሆነ ሌላ ቦታ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የጣት ወርድ የምታክል ቁርጥራጭ ትጣላለች፤ ጠይቃችሁ ብትወስዱ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። የሸማ ክር ስለላላ ከጆንያ ብሶ ይተረተራል፤ ኮላው ከጀርባው ብቻ፣ ሳይቀጥን ይቀባ። ቀጭን ከሆነ ወደ ፊት ሰርጎ ነጩ ላይ ቢጫ እድፍ ይተዋል። 4 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ጥበብ የድልህ ጣሳ ወገብ ላይ፣ ወይም ከወፍራም ካርቶን በተቆረጠ ቀለበት ላይ ሲጠመጠም ሌላ ጌጥ አይጠይቅም። በዚያ ላይ ብልጭልጭ የሚጨምር ሰው አለ፤ ምን ይባላል።

ሃይላንድና ከረጢት

የውኃ ፕላስቲክ ሥሩ ብዙውን ጊዜ አምስት ቅጠል ያለው አበባ ነው፤ ፋብሪካው ሠርቶላችኋል። ከሥሩ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል። የተቆረጠው ጠርዝ ጣት ይቆርጣል፤ ስለዚህ ካውያውን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርጋችሁ፣ በካውያውና በፕላስቲኩ መሐል የመጋገሪያ ወረቀት አስገብታችሁ፣ ጠርዙን ለሁለት ለሦስት ሰከንድ አስነኩት። ወደ ውስጥ ጥቅልል ይልና ይለሰልሳል። ከዚያ በላይ ከቆየ ቅርጹ ይጠፋል። ሽታ ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው፤ አቁሙ፣ መስኮት ክፈቱ።

የውኃ ቀለም ፕላስቲክ ላይ ይረገፋል። አናጢ እንጨት በሚያለሰልስበት ሻካራ ወረቀት አሸት አድርጎ መቀባት ትንሽ ያግዛል፤ የጥፍር ቀለም ግን ያለ ምንም ዝግጅት ይይዛል። ያለቀ የመሰለ አንድ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ለመስመር ለአሥር አበባ አያንስም። ለእንቁላል ቅርፊትም ይሠራል።

የዱቄት ወተትና የድንች ጥብስ ከረጢት ውስጡ ብርማ ነው። በሞቀ ውኃና በሳሙና ካልታጠበ ጉንዳን ይዞ ይመጣል። ዘርግታችሁ በ5 ሴንቲሜትር ወርድ ሸንሽኑት፤ እያንዳንዱን ሸንሽ በረጅሙ ጎን በኩል 2 ሴንቲሜትሩን ሳትነኩ ቀሪውን በቀጫጭኑ ተልትሉት፣ ከዚያ ሲባጎ ላይ እያዘነበላችሁ ጠምጥሙት። ያልተተለተለውን ጠርዝ የሚይዘው ፕላስተር ነው። ለአንድ ሜትር መካከለኛ መጠን ያለው ሁለት ከረጢት ይሄዳል። ተልታላው ከ3 ሚሊሜትር ከወፈረ ይገተራል እንጂ አይንዘረፈፍም።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዛፍ

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዛፍ ማቆሚያ ቦታ የለም፤ ጠረጴዛው ለዳቦው፣ ወለሉ ለቄጤማው ነው። ስለዚህ ዛፉ ግድግዳ ላይ ይውጣ። የሐበሻ ጥድን ለዚህ መቁረጥ ነውር ነው፤ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ሰባት ዘንጎች ያስፈልጋሉ፤ 80፣ 70፣ 60፣ 50፣ 40፣ 30 እና 20 ሴንቲሜትር። በጠቅላላው ሦስት ሜትር ተኩል እንጨት ነው።

እንጨቱን ታኅሣሥ አጋማሽ ሳይደርስ ቁረጡት። ቅርፊቱ በእርጥብነቱ በቀላሉ ይላጣል፣ ሲደርቅ ግን ቢላዋ ይፈልጋል። ልጣችሁ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አድርቁት። እርጥቡን ያሰረ ሰው እንጨቱ እየደረቀ ስለሚቀጥን በዋዜማው ቋጠሮው ላልቶ ዛፉ አንድ ወገን ያዘመመ ሆኖ ያገኘዋል። ከየጫፉ 2 ሴንቲሜትር ገባ ብላችሁ በቢላዋ ዙሪያውን ፈለግ አብጁ፤ ገመዱ እዚያ ውስጥ ይተኛል፣ አይንሸራተትም። ምስማር አትምቱበት፤ ባሕር ዛፍ ጫፉ አካባቢ ሲመታ ይሰነጠቃል።

አራት ሜትር ሲባጎ ይበቃል። መሐሉ ምስማሩ ላይ ይውላል፣ ሁለቱ ጎኖች ወደ ታች ይወርዳሉ። ዘንጎቹን ወለል ላይ በየ15 ሴንቲሜትሩ ደርድራችሁ ከላይ፣ ከአጭሩ ጀምሩ። አንድ ዘንግ ግራና ቀኙ ሳይታሰር ወደሚቀጥለው አትለፉ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ከማጥበቃችሁ በፊት አንዴ ሰቅላችሁ ርቃችሁ እዩት፤ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ የታየው ሲሰቀል ሊዘም ይችላል። የጭቃ ግድግዳ ምስማር አይዝም፤ ከማገሩ ወይም ከጣሪያው ወራጅ ላይ አውርዱት። ኮከቦቹ ከታች ብዙ፣ ወደ ላይ እያነሱ፤ 80ው ላይ አምስት፣ ቀጥሎ አራት አራት፣ ከዚያ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድና አንድ። ሃያ ሞላ።

ጥጥ በዛፍ ላይ መበተን የተለመደ ነው፤ በረዶ መሆኑ ነው። እዚህ አገር በረዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ ነገር ነው እንጂ ዛፍ ላይ ሲቀመጥ ያየነው የለም። ልማዱን ለወደደ ግን አንድ ማሳሰቢያ፤ የተባዘተ ጥጥ በአንድ የሻማ ፍንጣሪ በሰከንድ ውስጥ ይያያዛል፣ ቃጫውም ይከተለዋል። ጥጥ ካለ ሻማና ጧፍ ሌላ ክፍል ይሁን። ሲነካ የሚሞቅ አሮጌ አምፖልም እንደዚያው፤ ጥጡ ከማይሞቁት የኤልኢዲ መብራቶች ጋር ብቻ ይዋል።

ሻማው ቦታ ያጣ እንዳይመስላችሁ፣ የድልህ ጣሳው ለእሱ ነው። ጣሳው ታጥቦ እርጥብ አሸዋ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሞላበታል፤ ባዶውን በምስማር የመታ ሰው ጣሳውን ይጨፈልቀዋል። ፍሪዘር ያለው ውኃ ማቀዝቀዝ ይችላል፣ ግን እስከ አፉ ከሞላው በረዶው ሲያብጥ የጣሳውን ሥር ያጎብጠዋል፤ 2 ሴንቲሜትር ይጉደል። ንድፉን ወረቀት ላይ ሥሩና በፕላስተር ጣሳው ላይ ለጥፉት፤ በየ8 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ። ከዚያ ከተቀራረበ ቀዳዳው ተያይዞ ቆርቆሮው ይቀደዳል። ስትጨርሱ ውስጡን በጣት አትፈትሹ፤ ምስማሩ ያወጣው ሹል ወደ ውስጥ ነው ያለው። አጭር ሻማ አድርጋችሁ የሸክላ ወይም የብረት ሰሐን ላይ አስቀምጡት፤ ሥሩ ስለሚግል ላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ክብ ማህተም ይተዋል።

ጌጡ እስከ ጥምቀት፣ ጥር 11 ድረስ ቢቆይ ማንም አይከስም። ሲወርድ በዱቄት ሙጫ የተሠራውን ለብቻው ለዩት፤ አይጥና በረሮ ይመገቡታል፣ በካርቶን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ሰው በሚቀጥለው ኅዳር የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ ይሻላል። ክረምቱ እርጥበት ስላለው በጨርቅ የተቋጠረ ሁለት ሦስት ፍሬ ከሰል ከሥር ጣል አድርጉ፣ ኳሶቹን ከላይ፤ የሶፍት ኮከቦቹ ደግሞ አጠፍጥፋችሁ ካልጨፈለቃችኋቸው በቀር ሃያውም በአንድ ሲባጎ ተሰክተው ከበር ጀርባ ይከርማሉ።